እረኛው ምን አለ?

ልጃችሁ ከሠራዊት ወጥቶ፣ ጥቂት ወራት ሠርቶ፣ አንድ ቀን «ልማር ነው» ሲላችሁ ቤቱ በደስታ ይሞላል። ቀጥሎ ወረቀቱ ይመጣል። የሚኽላላ ወረቀት መቼም ያማረ ነው፤ አረንጓዴ ሣር፣ የሚስቁ ወጣቶች፣ ከመካከላቸውም የእኛን ልጅ የምትመስል አንዲት ቆንጆ። ስልኩም ይደወላል። በለሰለሰ አንደበት «ቦታው እያለቀ ነው፣ እስከ ሐሙስ ከተመዘገበ ቅናሽ እናደርጋለን» ይባላል። እናንተ ዕብራይስጡን ግማሽ ግማሹን ትሰማላችሁ፤ ልጁም የትኛውን እንደሚያምን ግራ ገብቶታል። መጨረሻ ላይ ስሙ ቶሎ ቶሎ ጆሮ ውስጥ የገባው ቦታ ይመረጣል።

በዚህ ወር ላወራችሁ የፈለግሁት ስለዚህ ምርጫ ነው። ብዙ ወላጆች «እኛ ምን እናውቃለን፣ አልተማርንም፣ እሱ ይወቀው» ትላላችሁ። እኔ ግን እናንተ የምታውቁት አንድ ትልቅ ነገር አለ እላለሁ፤ ሰው ጠይቆ እውነት ማውጣት ታውቃላችሁ።

ጎንደር ሳለን በሬ ስንገዛ የባለቤቱን ቃል ብቻ ሰምቶ ገንዘብ የሚቆጥር ሰው ነበር? ባለቤቱማ «የዋህ ነው፣ ሲጠምዱት ራሱ ይሄዳል» ይላል። ምን ይበል ታዲያ? ገበያ ያመጣው ሊሸጥ ነው። ገዢው ጥርሱን ያያል፣ ጫንቃውን ይዳብሳል፤ ከዚያ ዞር ብሎ የሚጠብቀውን ልጅ ያገኛል። «አንተ ልጅ፣ ይሄ በሬ ትልም ላይ ይተኛል ወይ? ይዋጋል ወይ?» እረኛው የሚሸጠው ነገር የለውም፤ ያየውን ይናገራል። «እረኛ ምን አለ?» የሚባለው አነጋገርም ከዚሁ የመጣ ነው። ትልልቅ ሰዎች ሹም የሸፈነውን ነገር ከሜዳ ልጅ አፍ ይሰሙ ነበር። ልጅ ስንድርም እንደዚሁ ነው፤ ዘመድ እንዳይሆኑ እስከ ሰባት ቤት ቆጥረን፣ የቤተሰቡን ጠባይ ከጎረቤት ጠይቀን ነው። ለበሬ እንዲህ ከጠየቅን፣ ሦስትና አራት ዓመት ለሚፈጅ ትምህርት ለምን አንጠይቅም?

የሚኽላላው እረኛ ተማሪው ነው። ዛሬ እዚያ የሚማረው፣ ወይም አምና የጨረሰው፣ ወይም ደግሞ ጀምሮ የተወው።

የተወው ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። በየሰፈራችን፣ በቂርያት ማላኺም በሉ በነታንያ፣ አንድ ዓመት ተምሮ ያቋረጠ ልጅ ያለበት ቤት አለ። ገንዘቡ አንድ ነገር ነው። መንግሥት በሚደጉመው ተቋም የመጀመሪያ ዲግሪ ለአንድ ዓመት ከ10,000 ሸቀል ይበልጣል፤ በግል ሚኽላላ ግን ከ30,000 ሸቀል ሊያልፍ ይችላል። ልጁ ከሠራዊት ሲወጣ ያገኘው ፒቃዶን በዚያ ያልቃል። ከገንዘቡ የሚብሰው ግን ዝምታው ነው። ልጁ «ለእኔ አይሆንም» ብሎ ይደመድማል፤ እናት ሰው ሲጠይቃት «እየተማረ ነው» ትላለች፤ ታናናሾቹም ያያሉ። ቦታው ለእሱ እንዳልሆነ ቀድሞ የነገረው ሰው ቢኖር ኖሮ ሌላ ቦታ ገብቶ ይጨርስ ነበር።

አሁን ስልክ የሚደውልላችሁን ሰው እንየው። ራሱን «ዮዔጽ ሊሙዲም» ብሎ ይጠራል፤ የትምህርት አማካሪ ማለት ነው። ጨዋ ሰው ነው፣ የሚለውም ብዙ ጊዜ ውሸት አይደለም። በብዙ ቦታ ግን ሥራው መመዝገብ ነው። በዮም ፓቱአኽ፣ ሚኽላላው በሩን ለጎብኚ በሚከፍትበት ቀን፣ የተቋሙን ቲሸርት ለብሰው የሚያስጎበኟችሁ ወጣቶችም ተማሪዎች ናቸው፤ ለዚያ ቀን ግን ብዙ ጊዜ ይከፈላቸዋል። ዮም ፓቱአኽ ሂዱ፤ ቦታውን ማየት ጥሩ ነው። ስትሄዱ ግን ቲሸርቱን ከለበሰው ይልቅ ካፍቴሪያው ጥግ ብቻውን ሳንድዊች የሚበላውን ፈልጉ። እሱ ነው እረኛው።

ተማሪው ወረቀቱ ላይ የሌለ ምን ያውቃል? አንዱን ብቻ ሰፋ አድርጌ ልንገራችሁ፤ ብዙ ልጆቻችንን የጣለው እሱ ስለሆነ። እንግሊዝኛ ነው። በዚህ አገር የመጀመሪያ ዲግሪ ለማግኘት ተማሪው በእንግሊዝኛ «ፕቶር» የሚባለው ደረጃ መድረስ አለበት። በፈተናው ያ ውጤት ያልመጣለት ከደረጃ ደረጃ እየወጣ ኮርስ ይወስዳል፤ ከታች የጀመረ ብዙ ኮርስ ይጠብቀዋል። ኮርሱ ገንዘብ ይጠይቃል፣ ሰዓት ይበላል፤ የሙያውን ትምህርት ሁሉ ጨርሶ በእንግሊዝኛ ብቻ ዲግሪው የተያዘበት ልጅ አለ። ይህ ደንብ በሁሉም ቦታ አለ። ልዩነቱ ግን አያያዙ ላይ ነው። አንዱ ሚኽላላ ገና በበጋው ጠርቶ ያስጀምረዋል፣ የሚያስጠና ሰው ይመድብለታል። ሌላው ሦስተኛ ዓመት እስኪደርስ ዝም ይለውና «እንግሊዝኛህስ?» ይለዋል። ወረቀቱ ላይ ሁለቱም «እንግሊዝኛን እናግዛለን» ብለው ነው የሚጽፉት። የትኛው የትኛው እንደሆነ የሚያውቀው ያለፈበት ነው።

እንዲሁ ፈተና የወደቀ ልጅ ምን ይደረጋል? ሁለተኛው ዕድል፣ ሞዔድ ቤት፣ በእርግጥ ዕድል ነው ወይስ በማግሥቱ ሌላ ፈተና የተደረበበት? ሚሉኢም የተጠራ ልጅ ያመለጠውን ማን ይሰጠዋል? ጽሕፈት ቤቱ ስልክ ያነሣል? ነርስ ወይም የማኅበራዊ ሠራተኛ ለሚማር የተግባር ልምምዱን ቦታ ሚኽላላው ያገኝለታል ወይስ ራሱ እየዞረ ይለምናል? ከአፉላ ወይም ከቂርያት ጋት በአውቶቡስ ለሚመላለስ ልጅ የጠዋቱ ትምህርት ይደረስበታል? ማታስ የመጨረሻው አውቶቡስ አለ? እነዚህ ትንንሽ የሚመስሉ ነገሮች ናቸው ልጅን የሚያስጨርሱት ወይም የሚያስተዉት።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልምጣ። የእኛ ልጆች ለትልቅ ሰው እውነቱን አይናገሩም። ውሸታሞች ሆነው አይደለም፤ እናንተው ናችሁ እንዲህ ያሳደጋችኋቸው። አንድ ሽማግሌ ከሰንበት ጸሎት በኋላ በር ላይ ተማሪውን አግኝተው «እንዴት ነው ልጄ፣ ትምህርት ጥሩ ነው?» ሲሉት ምን ይመልሳል? «ጥሩ ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ይላል። ሆዱ ውስጥ ሁለት የወደቀ ፈተና ይዞ «ይመስገን» ይላል። ትልቅ ሰው ፊት ማማረር ነውር ነው፤ የተማረበትን ቤት ማማት ነውር ነው፤ ወሬውም ወደ እናቱ ይደርሳል። ይሉኝታ አፉን ይዞታል። እንግዲህ እናንተ «ጠየቅን፣ ጥሩ ነው አሉ» ብላችሁ ልጃችሁን ትልካላችሁ። ጥያቄው መልሱን ይዞ ነው የሄደው።

ስለዚህ «ጥሩ ነው ወይ?» ብላችሁ አትጠይቁ። ይህ ሰላምታ ነው፤ መልሱም ሰላምታ ነው። የሆነውን ነገር ጠይቁ። «መጀመሪያ ዓመት በጣም የከበደህ ትምህርት የቱ ነበር? ያን ጊዜ ማን ዘንድ ሄድክ? ረዳህ ወይስ መለሰህ?» በሉት። «አብረውህ ከጀመሩት ስንቱ ዛሬ አለ? የሄዱት ለምን ሄዱ?» በሉት። ስለ ሌላ ሰው ሲጠየቅ ስለ ራሱም ይናገራል፤ ይህን ሽማግሌዎቻችን ድሮም ያውቁታል። «ታናሽ እህትህ ብትሆን እዚያው ትልካት ነበር?» ይህች ጥያቄ ደግሞ ብዙ ትናገራለች። አፉ «አዎ» ቢልም ከመመለሱ በፊት ስንት ጊዜ እንደዘገየ ተመልከቱ።

ቡና ካፈላችሁለትም አትቸኩሉ። አቦሉ ላይ የሚመጣው ምስጋና ነው። እውነቱ ቶና ላይ ይጀምራል። (በረካ ድረስ የሚቆይ ተማሪ ካገኛችሁ ደግሞ የመምህራኑን ስም በየተራ ይነግራችኋል፤ ያኔ ብዕር ይዛችሁ ተቀመጡ።) «የነገርከኝን ለማንም አልናገርም» በሉትና ቃላችሁን ጠብቁ። አንድ ጊዜ «የእገሌ ልጅ እንዲህ አለ» ብላችሁ ካወራችሁ ሁለተኛ የሚነግራችሁ አይኖርም፤ ለእናንተም ለሌላውም።

«ተማሪ ከየት እናምጣ?» ለምትሉ፣ አንዳንዱ ቤታችሁ ድረስ ይመጣል። የፔራኽ ተማሪ ታናሹን ልጃችሁን ሊያስጠና በየሳምንቱ በራችሁን ያንኳኳ የለም? ፔራኽ በ1970ዎቹ ከረሖቮት የተነሣ ፕሮግራም ነው፤ ተማሪው ልጅ እያስጠና ለራሱ ክፍያ ሚልጋ ያገኛል። እሷን ወይም እሱን አስቀምጡና ጠይቁ። የእኛ ልጅ ባይሆንም ስለ ትምህርት ክፍሉ ያለ ይሉኝታ ይነግራችኋል፤ እንዲያውም የዚህ አገር ልጅ ማማረር ላይ አይታማም። ክሊኒክ ስትሄዱ የምታክማችሁ ወጣት ነርስ የት እንደተማረች ጠይቋት። ሰርግ ላይ፣ ሲግድ ላይ፣ ለቅሶ ቤት የዘመድ ልጆች ይሰበሰባሉ። ሚኽላላው ውስጥ ደግሞ አጉዳ የሚባለው የተማሪዎች ማኅበር አለ፤ ልጃችሁ ራሱ ሄዶ «እዚህ የምትማር ኢትዮጵያዊት አስተዋውቁኝ» ማለት ይችላል።

ያቋረጠውን ልጅ ማናገር ግን ጥበብ ይፈልጋል። እሱ ከሁሉም የበለጠ ያውቃል፤ ከሁሉም የበለጠም ያፍራል። «ለምን ተውከው?» ተብሎ አይጠየቅም፤ ይህ ፍርድ ይመስላል። «ልጄ ያንኑ ሊጀምር ነው፣ ምን እንዲጠነቀቅ ትመክረዋለህ?» ቢባል ግን አማካሪ ይሆናል። ለራሱም ጥሩ ነው፤ ያሳለፈው ዓመት ለአንድ ሰው ጠቀመ ማለት ነው።

ስለ ራሳችን ልጆች ብቻ የሚጠየቅ ነገርም አለ። አንዳንድ ተቋማት ለኢትዮጵያ ልጆች ብቻ ወይም በብዛት ለእነሱ የተዘጋጀ ፕሮግራም ይከፍታሉ። ወረቀቱ ላይ እገዛ፣ ሚልጋ፣ አስጠኚ ይላል። ተማሪዎቹን ስትጠይቁ ሁለት ዓይነት ወሬ ትሰማላችሁ። አንዷ «ብቻዬን ብሆን አልጨርስም ነበር፤ እርስ በርሳችን ተያይዘን ወጣን» ትላለች። ሌላዋ «ሠራዊት ውስጥ ከሁሉም ጋር አገልግዬ፣ እዚህ ለብቻ ክፍል ሲያስቀምጡኝ ደሜ ፈላ» ትላለች። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። እኔ እንደማየው ነገሩን የሚለየው የክፍሉ ስም ሳይሆን ከዚያ በኋላ የሚሆነው ነው፤ ፈተናው ከሌላው ጋር አንድ ነው? ዲግሪው አንድ ነው? በሁለተኛው ዓመት ከሌሎቹ ጋር ይቀላቀላሉ? ይህን የሚመልስላችሁ ሦስተኛ ዓመት የደረሰ ልጅ ነው። «በር ላይ ጥበቃው አንተን ብቻ ነው መታወቂያ የሚጠይቀው?» ብላችሁም ጠይቁ። ይህን ጥያቄ ልጃችሁ አፍሮ አይጠይቀውም፤ እናንተ ብትጠይቁ ግን መልስ ይመጣል።

ተማሪው የማያውቀውም አለ፤ እሱን ከእሱ አትጠብቁ። ሚኽላላው የሚሰጠው ዲግሪ የታወቀ መሆኑን የሚወስነው የከፍተኛ ትምህርት ምክር ቤት ነው፤ ማላግ ይሉታል፤ በ1958 በወጣ ሕግ የቆመ ነው። ከምዝገባ በፊት «ይህ የትምህርት ክፍል ከማላግ ፈቃድ አለው?» ተብሎ እዚያው ይጣራል፤ የተማሪ ምስክርነት እዚህ ላይ አይበቃም። ሃንደሳይ የሚባለውም ትምህርት ጥሩ ሙያ ነው፤ ግን ዲፕሎማ እንጂ ዲግሪ አይደለም፤ ይህን ሳያውቁ ገብተው ሁለት ዓመት ካለፈ በኋላ የሚደነግጡ አሉ። መኺና ሊገባ ያሰበ ልጅም የዚያ መኺና ውጤት ሌላ ተቋም ላይ ይቆጠር እንደሆነ ሊገባ ያሰበበትን ተቋም በጽሑፍ ይጠይቅ። ነርስ የምትሆን ልጅ ከጨረሰች በኋላ የጤና ሚኒስቴር የፈቃድ ፈተና አለባት፤ ጠበቃ የሚሆን ደግሞ የጠበቆች ማኅበር ፈተና አለበት። የጠበቆቹ ፈተና ውጤት በየተቋሙ ተለይቶ ይወጣል፤ ከየትኛው ሚኽላላ ስንት እጅ እንዳለፈ ይታያል። ልጃችሁ አምስት ደቂቃ ወስዶ ይፈልገው። ያማረው ሣር እዚያ ቁጥር ላይ አይታይም።

የሰማችሁትን ስትመዝኑም አንድ ሰው አይብቃችሁ። ሦስት ሰው፣ ከዚያው ትምህርት ክፍል። አንድ ሚኽላላ ውስጥ የሒሳብ አያያዝ ክፍሉ ግሩም ሆኖ የኮምፒዩተሩ የተበተነ ሊሆን ይችላል፤ ስለዚህ «እዚያ የሚማር አጎት ልጅ አለኝ» ማለት ብቻ አይሆንም፣ ምን እንደሚማር ጠይቁ። ገና ሁለተኛ ወሩ ላይ ያለውም አዲስ ሙሽራ ነው፤ ሁሉ ነገር ያምረዋል። ፈተና ወድቆ የተናደደ ልጅ ደግሞ መምህሩን ሁሉ ይረግማል፤ ንዴቱን ተዉና የሆነውን ነገር ብቻ ውሰዱ። ሦስቱም ሳይተዋወቁ አንድ ነገር ከደገሙ፣ ለምሳሌ «ጽሕፈት ቤቱ አይመልስም» ካሉ፣ እመኑ።

ከሁሉ በላይ ደግሞ የሚናገረው ልጅ የእናንተን ልጅ ይመስል እንደሆነ እዩ። በባግሩት አምስት ዩኒት ሒሳብ የሠራ ልጅ «ቀላል ነው» ቢል፣ ሦስት ዩኒት ለሠራው ልጃችሁ ምን ይጠቅመዋል? የክፍቱን ዩኒቨርሲቲ ውሰዱ። ያለ ባግሩትና ያለ ፕሲኮሜትሪ ይገባበታል፤ በሩ ሰፊ ነው፤ ለሚሠራ፣ ልጆች ላሏት እናት ይመቻል። ግን ብቻውን መጽሐፍ ይዞ ለመቀመጥ ልማድ የሌለው ልጅ እዚያ ይከብደዋል። አንዱ ተማሪ «ነፃነት ሰጠኝ» ያለውን ሌላው «ብቸኝነት ገደለኝ» ይለዋል። ልጃችሁ ከሁለቱ ማንን እንደሚመስል ከእናንተ የበለጠ የሚያውቅ አማካሪ የለም፤ ከልጅነቱ ጀምሮ የቤት ሥራውን እንዴት ይሠራ እንደነበር ያያችሁት እናንተ ናችሁ።

አንድ ጥንቃቄ። ሃያ ሦስት ዓመት የሞላው ልጅ እናቱ ስልክ ደውላ ስለ እሱ ስትጠይቅ አይወድም፤ እውነቱን ነው። ስለዚህ የእናንተ ሥራ ሰውየውን ማግኘትና ቤት መጥራት ነው። መጀመሪያ እናንተ ጥቂት ጠይቁ፤ ከዚያ «እንጀራ ላምጣ» ብላችሁ ተነሡና ሁለቱን ወጣቶች ተዉአቸው። በዕብራይስጥ የሚባባሉት እናንተ ፊት ከሚሉት ይበልጣል። ኩሽና ውስጥ ሆናችሁ ጆሮ መጣሉን ግን እኔ አልከለክልም።

ጊዜውም ይታሰብበት። በፈተና ወራት፣ በጃንዋሪ መጨረሻና በፌብሩዋሪ፣ ከዚያም በጁላይ፣ ተማሪ ስልክ አያነሣም፤ ቢያነሣም መልሱ አጭር ነው። የፋሲካ ዕረፍት ግን ጥሩ ነው፤ ልጆቹ ወደ ቤተሰብ ይመጣሉ፣ የመጀመሪያው ሰሜስተር ውጤትም በእጃቸው ነው። ትምህርቱ የሚጀመረው ከሱኮት በዓል በኋላ ስለሆነ ከፋሲካ በኋላ ለመመዝገብም ሆነ ሐሳብ ለመለወጥ ጊዜ ይኖራችኋል። «እስከ ሐሙስ» ብሎ ለደወለው ሰው ደግሞ ልጃችሁ «መጀመሪያ እዚያ ከሚማሩ ሦስት ሰዎች ጋር ላውራ» ይበለው፤ እንዲያውም ስልካቸውን ራሱ እንዲሰጠው ይጠይቀው፤ አንዷ ያቋረጠች ብትሆን ይመረጣል። ሰውየው ምን እንደሚመልስም ስሙት።